ከግራ ዓይኑ በስተቀር

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለተከበሩ እትዬ ሎሬታ ዱቢኪ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እዚህ ሐይቁ ደርቆ በረዶ ሆኗል፤ እኔም አብሬው ደርቄ በሕይወት አለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ዐሥር ቀን ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ንቄ እንዳይመስልዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንብቤ ስጨርስ የጽሕፈት መኪናዬን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«በመዝናኛ ፓርኩ ልጆች በጋሪ የሚዞሩበትን የጃርቱን ጓዳ በር በሰንሰለት ጠፍንገውታል፤ አንተ የአድናቂዎቹ አለቃ ነህና የሰማኸው ነገር አለ?» ብለው ጠይቀውኛል። የሰማሁት ባይኖርም ያየሁት አለ። ባለፈው ሳምንት የቶቢን የካርቱን ፊልም ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለመጽሔታችን አንድ ሥዕል ላከ። ከላዩ ላይ «አዲሱ ቶቢን» ይላል።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ጨው ሲሰርቅ የኖረው፣ አፍንጫው ረጅም፣ ዓይኑ እንቅልፋም የሆነው ጃርታችን ቆቡን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የፀሐይ መነጽር ሰክቶ፣ ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል። ጃርት ያገጥጣል? ጨው ለልጆች ጤና መጥፎ ነው ብለው ከረጢቱን ነጥቀው፣ በምትኩ ባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ አቁመውታል። እሾሁን ቆጠርኩት። ዐሥራ ዘጠኝ መሆን ሲገባው ስምንት! እሱም በፀጉር ቅባት የተለሰነ ይመስላል። ሥዕሉን ከቤት ማሳደር ቀፎኝ መኪናዬ ውስጥ ወርውሬው መጣሁ።

እርስዎ እንደሚያውቁት እኛ የማኅበሩ ሰዎች «አንደኛው ፊት፣ ሁለተኛው ፊት» እየተባባልን ስንነካከስ ሃያ ዓመት አለፈን። አንደኛው የጥንቱ፣ ቀጭኑና ተንኮለኛው ነው። ሁለተኛው በኋላ የመጣው፣ ሆዱ ክብ ያለው፣ እርስዎም በ1961 ጓዳው ውስጥ የሳሉት ነው። እኔ የአንደኛው ፊት ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ይህን ሦስተኛውን ካየሁ ወዲህ ግን የሁለተኛውን ፊት ሰዎች እንደ ወንድም ላቅፋቸው ደርሻለሁ።

በባትሪ እያበሩ፣ ወረቀት ይዘው፣ እያንዳንዱን ሥዕል ሲለኩ ስለዋሉት ሰዎችም ጠይቀውኛል። እኔ ከየት አውቄ? ወረቀቱም ምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው መቼም ወረቀት ይይዛል። ይልቅ እርስዎ ሥራ አስኪያጁን ያፋጥጡት። አርባ ሁለቱንም ሥዕሎች በእጅዎ ሠርተው፣ በየክረምቱ ያደሱ ሰው ነዎት፤ ሊደብቅዎት አይችልም።

አክባሪዎ፣
ኖርበርት ኮስኪ
የ«እሾህ» መጽሔት አዘጋጅ

ሃርሞን ቤይ፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1998

ኖርበርት፣

ጉልበቴን ጠይቀሃል። ግራው ደህና ነው፤ ቀኙ አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኗል። አንተስ ያን የሚያፏጭ ሳልህን ሐኪም አሳየኸው ወይስ እንደ ልማድህ በሽሮፕ ታታልለዋለህ?

እንዳልከው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ፕሪቻርድ፣ አባቱ ጓዳውን ሲያሠራ በእኔ የቀለም ባልዲ ውስጥ እጁን እየነከረ የሚያስቸግረኝ ሕፃን ነበር። ዛሬ ከወንበሩ ሳይነሳ «ሚስዝ ዱቢኪ፣ ምን ልርዳዎት?» ይለኛል። «አንተ ልጅ፣ በሩን ለምን አሰርከው?» አልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ወይ እስከ በጋ ድረስ ጓዳው በአዲሱ ፊት ይለወጣል፣ ወይ ኩባንያው የቶቢንን ስም ይነጥቀናል። ሥዕሎቹ ያሉበት ስስ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶው ሁሉ፣ ወጥቶ በምትኩ ስክሪን ይገባል። ጋሪዎቹ ላይ የፕላስቲክ ሽጉጥ ይተከላል፤ ልጆቹ እየተኮሱ ነጥብ ይሰበስባሉ። የኔዎቹ አርባ ሁለቱ ደግሞ አንድም ሳይቀር በመጋዝ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የተከፈለው እያንዳንዱ፣ ለመጥፋቱ ማስረጃ፣ ፎቶ ተነሥቶ ለኩባንያው ይላካል። እንደ ሌባ አስከሬን!

«ምን በደሉ?» አልኩት። «ስህተት አለባቸው» አለኝ። ከመሳቢያው ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ። ሠላሳ አንድ ስህተት፣ በተራ ቁጥር። አራተኛ ክፍል፣ እሾሁ ዐሥራ ሰባት ብቻ ነው። እዚያ ጋ እንጨቱ ስለተሰነጠቀብኝ ነው ሁለቱን ያስቀረሁት፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሕፃን ቆጥሮ አልከሰሰኝም። ቁጥር አንድ፣ «ከሁሉ የከፋ» የተባለው፣ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ቶቢን የጨው ከረጢቱን ተንተርሶ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ገልጦ የሚያየን። የግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ዞሯል ይላል።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ፕሪቻርድ አልነገረኝም፤ ስሙን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። ፊደሎቹን ግን አይቻለሁ። የጽሕፈት መኪናው አንዷን ፊደል ከመስመሩ በላይ እያዘለለ ይመታታል። እንዲህ የሚያደርግ መኪና ብዙ ይኖር ይሆናል። ከዚህ በላይ አልልም።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አርባ አንዱን ይክፈሉት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ። የተኛውን ቶቢን ግን ለእኔ ይስጡኝ። ፕሪቻርድን ለመንኩት፤ አይቻልም አለ። እኔ ሎሬታ ሰው ለመንኩ፣ ኖርበርት። አፌ እስካሁን ይመረኛል።

ሎሬታ

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 6 ቀን 1998

ለተከበሩ እትዬ ሎሬታ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በእጅ ጽሑፍ ስለጻፍኩልዎ ይቅርታ፤ የጽሕፈት መኪናዬ ለጥገና ገብቷል። ሳሌም ደህና ነው፤ ሐኪሙ ሽሮፑን ቀጥል ብሏል።

ወረቀቱን የጻፈ ሰው አውቅ እንደሆነ መጠየቅዎ ገብቶኛል። እኔ የምለው፣ አንድ ሰው ስህተት ቢዘረዝር ይታረም ብሎ እንጂ ይጋዝ ብሎ ላይሆን ይችላል። ጥፋቱ የኩባንያው ነው። ጥበብ የማያውቁ፣ በክራባት የታነቁ ነጋዴዎች!

በእኔ በኩል እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ለመቶ አርባ አባላት የአቤቱታ ወረቀት ልኬ ፊርማ እያሰባሰብኩ ነው። እስካሁን ስንት የፈረመ ይመስልዎታል? ዐሥራ አንድ! ምክትሌ መርል ስታዳርድ ስልክ ደውሎ «አቤቱታው ላይ ‹የአንደኛው ፊት ቶቢን ይመለስ› ካልተባለ ብዕሬን አላነሳም» አለኝ። «መርል፣ ጓዳው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ፊት ነው፤ ያልነበረ ነገር እንዴት ይመለሳል?» ብለው፣ «እሱ የእኔ ችግር አይደለም፤ ከጅምሩ ስህተት ነበር» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እሺ ብዬ ቃሉን ብቀይረው ደግሞ የቶሌዶዋ ሴትዮ፣ ሁለተኛውን ፊት ክንዷ ላይ የተነቀሰችው፣ «ለዚያ የአይጥ አፍንጫ ከምፈርም እጄ ይቆረጥ!» ብላ ወረቀቱን ቀዳ በፖስታ መለሰችልኝ። ቤቱ እየተቃጠለ ስለ መጋረጃው ቀለም የሚጣሉ ሰዎች ናቸው። አስጠሉኝ፤ በእውነት አስጠሉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለማስታወሻ ከሆነ ለምን የመጨረሻውን መረጡ? የሁለተኛው ክፍል ቶቢን፣ ከመደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠለው፣ ከሥራዎችዎ ሁሉ የላቀ ነው። እሾሁ ዐሥራ ዘጠኝ ሙሉ፣ ዓይኑም ደህና ነው። እሱን ቢጠይቁ ይሻላል ባይ ነኝ።

አክባሪዎ፣
ኖርበርት

ሃርሞን ቤይ፣ ኦሃዮ
ማርች 17 ቀን 1998

ኖርበርት፣

የእጅ ጽሑፍህ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መኪናህን እግዜር ይማርልህ።

የሁለተኛውን ክፍል አልፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍልኝ የትኛውን ቀለም ከየትኛው ጋር እንደደባለቅኩ፣ ብሩሼ ስንት ጣት እንደሚሰፋ ስትጠይቅ፣ አንድም ቀን «ለምን» ብለህ አታውቅም። ዛሬም አልነግርህም። የምፈልገው የተኛውን ነው።

እዚህ ያለውን ሁኔታ ልንገርህ። ከተማው ግማሹ ደስ ብሎታል። በጾሙ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ዓሣ ልንበላ ተሰልፈን፣ ጎረቤቴ ሃምሳ ዓመት የማውቃት ሴት «ሎሬታ፣ ልጆቹ እኮ መተኮስ ነው የሚወዱት፤ ያንቺ ሥዕልማ አርጅቷል» አለችኝ። አፏ ውስጥ ያለው የእኔ ፒሮጊ ነው፤ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ለዚያው ማዕድ የሠራሁት። ድንቹ አንቆ እንዲይዛት ተመኘሁና ወዲያው ይቅር በለኝ አልኩ። አናጢው ድዌይን ደግሞ መጋዙን ከአሁኑ እየሞረደ ነው፤ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። ማርች 30 ይጀምራሉ።

አሁን በደንብ ስማኝ። ፕሪቻርድ ጋ በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄጄ አንገቱ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ እኔ ፊት ለኩባንያው ስልክ ደወለ። ወዲያ ያለችው ሴትዮ ምን አለች መሰለህ? «የአድናቂዎቹ መጽሔት አዘጋጅ ያ ሥዕል ስህተት እንደሌለበት በፊርማው ካረጋገጠ፣ እንደ ታሪክ ዕቃ እናስቀረዋለን።» እኔን የሠራሁትን አይደለም የምታምነው፤ አንተን ነው! ይሁን።

ሌላ ምንም አልለምንህም። ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ፊደሉም አንስቼ አላነሳብህም፤ ቃሌ ነው። የምትጽፈው ይህንን ነው፦ «በመጨረሻው ሥዕል ላይ ስህተት የለም።» አምስት ቃል ነው። አንድም አትጨምርበት። አውቅሃለሁ።

ሎሬታ

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ማርች 24 ቀን 1998

ለተከበሩ እትዬ ሎሬታ፣

የምሥራች! ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግሥቱ ጽፌ በፈጣን ፖስታ ልኬያለሁ። የጽሕፈት መኪናዬም ተጠግኖ መጥቷል።

«እንደነገርኩህ ጻፍክ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ግልባጩን እዚሁ አስገብቼልዎታለሁ። ሁለት ገጽ ሆኗል። ስለ እርስዎ የብሩሽ አያያዝ፣ ስለ ጨው ከረጢቱ ጥላ፣ ስለ ጅራቱ አተኛኘት በሙሉ ልቤ ጽፌያለሁ። አምስቱ ቃላትም አሉበት፤ በወፍራሙ አስምሬባቸዋለሁ። ትንሽ ብቻ ጨምሬያለሁ፣ እንዲታመን ብዬ። እንዲህ ይላል፦ «በመጨረሻው ሥዕል ላይ፣ ከግራ ዓይኑ በስተቀር፣ ስህተት የለም።»

እባክዎ አይቆጡኝ። ዓይኑ እኮ ዞሯል፤ ማንም ያየዋል። ከነጭራሹ ስህተት የለም ብዬ ብፈርም ማን ያምነኛል? ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም ነው። እነሱም ሰዎች ናቸው፤ አርባ መልካም ነገር ባለበት ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ዓይን አይቆጥሩም። እንዲያውም ሐቀኝነቴን አይተው ይበልጥ ያከብሩናል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ፦ እጅዎ እንዲህ የረቀቀ ሆኖ ሳለ ያን ዓይን ያኔውኑ ለምን አላስተካከሉትም? በየክረምቱ ሲያድሱትስ?

መልካሙን ዜና እየጠበቅኩ ነው።

አክባሪዎ፣
ኖርበርት

ሃርሞን ቤይ፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 8 ቀን 1998

ኖርበርት ኮስኪ፣

ሰላምታ የለኝም።

የኩባንያው መልስ በሦስት መስመር መጣ። «የአድናቂዎቹ ተወካይ ራሳቸው በላኩት ደብዳቤ እንዳረጋገጡት ሥዕሉ ስህተት ያለበት በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር ይወገድ።» ፕሪቻርድ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ያነበበልኝ፤ ያ ሕፃን እንኳ አፈረ።

የመኪናህንም ጽሕፈት በግልባጩ ላይ አየሁት። ተጠገነ ያልከው። ያቺ ፊደል አሁንም ትዘላለች።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲሉ ስሰማ ሰው እንደዚህ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። ያን ሠላሳ አንድ ስህተት ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ልከህ፣ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ስለ ቆቡና ስለ መነጽሩ ታለቅሳለህ! «በክራባት የታነቁ ነጋዴዎች» ትላለህ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አውቄ ነበር። ራሱ ይናገራል፣ ሰው ነው፣ ያፍራል፣ ጊዜ ልስጠው ብዬ ጠበቅኩህ። አምስት ቃል ሰጠሁህ፤ አንተ ሦስት ጨመርክበት። ትጸየፈኛለች ብለህ ሳትሰጋ የምትጽፍልኝ እንዴት ብትንቀኝ ነው?

ለምን እንዳላስተካከልኩት ጠየቅከኝ። እነሆ።

ያንን ሥዕል በሠራሁበት ክረምት ልጄ ቴሬሳ አምስት ዓመቷ ነበር። የግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ይዞራል። ሐኪሙ ያ ዓይን እንዲሠራ ብሎ ደህናውን በጨርቅ ሸፈነባት። ትምህርት ቤት ሲያዩዋት «ጠማማ፣ ጠማማ» እያሉ ተከትለዋት ይመጣሉ። ቤት ትቼያት ስለማልችል ፓርኩ መጋዘን ይዣት እሄዳለሁ፤ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ ስስል ታየኛለች። የተኛውን ቶቢን ጨርሼው ነበር፤ የተገለጠው የግራ ዓይኑ ቀጥ ያለ፣ ልክ በንድፉ ላይ እንዳለው፣ ልክ አንተ እንደምትወደው። ቴሬሳ ትክ ብላ አይታው «እማዬ፣ ይሄም አይወደኝም» አለችኝ። «ማን ነገረሽ?» ብላት፣ «እንደነሱ ነው የሚያየኝ» አለች።

የግራውን ዓይን በጨርቅ ጠረግኩት። «ወደ እኔ ዙሪ» አልኳትና እሷን እያየሁ እንደገና ሣልኩት።

ፓርኩ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ «ጠማማ» የሚላት ጠፋ። «የቶቢን ዓይን ያላት ልጅ» ሆነች። እሷን ለመምሰል ዓይናቸውን እያጣመሙ ሲጫወቱ መምህሯ ተቆጥታ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ አሁንም አለኝ። ቴሬሳ ዛሬ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ሲደክማት ዓይኗ አሁንም ይዞራል። ጓዳው በየዓመቱ በሚከፈትበት ቀን የመጀመሪያው ጋሪ ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ሠላሳ ሰባት ዓመት።

ድዌይን ሊቆርጠው ሲጠጋ መጋዙን ተቀበልኩት። «እኔ የሠራሁትን እኔ ልክፈለው» አልኩ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ፊቱ መሐል ለመሐል ይሁን፤ እንደዚያ ነው የሚፈልጉት» አለኝ። መሐል ለመሐል ከፈልኩት። ፎቶውን አንስቶ ሲወጣ፣ ድዌይን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ፤ እኔም ዓይኑን ዙሪያውን ቆርጬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥቅል አለ። የአንተ ነው። ቁጥር አንድ ስህተት። መጽሔትህ ላይ አውጣው።

ሎሬታ ዱቢኪ

ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ጁላይ 21 ቀን 1998

ለተከበሩ ወይዘሮ ሎሬታ፣

እንዴት ነዎት ብዬ የመጠየቅ መብት እንዳለኝ አላውቅም፤ ግን እንዴት ነዎት?

በሜይ ወር በላኩልኝ ፖስት ካርድ ላይ ያለው «ደረሰህ?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ደርሶኛል። ከደረሰኝ ሦስት ወር ሆነ። ስጽፍ ቀድጃለሁ፣ ስጽፍ ቀድጃለሁ። ይህንንም በእጄ የምጽፈው መኪናውን ስለጣልኩት ነው።

ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በ1995 ነው። መጽሔቱ ላይ አውጥቼው ሲጨበጨብልኝ ጊዜ ለኩባንያውም ላክሁት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉት ነገር ሆነ። ቀለምና ባለሙያ ልከው ሠላሳ አንዱን ያርማሉ፣ ከግርጌው «ለኖርበርት ኮስኪ ምስጋና» ይላሉ ብዬ ነበር። ያን ትንሽ ሰሌዳ በር ላይ ተለጥፎ በዓይነ ሕሊናዬ ሳየው ኖሬያለሁ። እርስዎ በሕይወት እንዳሉ፣ እንደሚያነቡት፣ አንዴም አላሰብኩ። መጋዝ ሲመጣ ደግሞ መናገር ፈራሁ። ከዚያም አምስት ቃል ሰጡኝ። ስምንት አደረግኋቸው።

ባለፈው ሳምንት በየዓመቱ የምናደርገው ስብሰባ ኮለምበስ ከተማ ነበር። ዓይኑን ይዤ ሄድኩ። ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ልናገር፣ የቴሬሳንም ታሪክ ልነግራቸው፣ ቁጥር አንድን ከዝርዝሩ ልሰርዝ አስቤ ነበር። መናገር ጀመርኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳልኩ መርል ስታዳርድ «መጀመሪያ ዕቃውን እንየው» ብሎ አቋረጠኝ። አጉሊ መነጽር አወጣ። ከቦርሳው ደግሞ የእኔን ዝርዝር፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ያስቀመጠውን አወጣ።

«ይሄ የቶቢን ዓይን አይደለም» አለ።
«መርል፣ የሠራችው ሴትዮ በእጇ ቆርጣ የላከችልኝ ነው።»
«ትላክልህ። ራስህ ጽፈሃል እኮ፣ ቁጥር አንድ። ቶቢን እንዲህ ያለ ዓይን የለውም።»
ከኋላ አንዱ «ምናልባት የሌላ ጃርት ይሆናል!» አለ፤ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

ድምፅ ተሰጠበት፤ እኛ መቼም ሁሉን በድምፅ ነው። ሠላሳ ስምንት ለአራት «የቶቢን አይደለም» ተባለ። ያቺ የቶሌዶዋ ሴትዮና መርል በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። የቴሬሳን ታሪክ አልጨረስኩትም፤ የሚሰማ አልነበረም። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ያ አጉሊ መነጽር፣ ያ ጣት፣ ያ «ትክክል ነኝ» ባይ ፊት። ሁሉም የእኔ ነው። እኔ ያስተማርኳቸው ነው። እነሱን ስጸየፍ ራሴን እንደምጸየፍ ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

መጽሔቱን ለቅቄያለሁ። ዓይኑን በጥጥ ጠቅልዬ መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ለቴሬሳ ይስጡልኝ። የእሷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ አዲሱ ተከፍቷል ይባላል። ገብታችሁ አያችሁት?

ኖርበርት

ሃርሞን ቤይ፣ ኦሃዮ
ኦገስት 5 ቀን 1998

ኖርበርት፣

ጉልበቴ ያው ነው። አንተ ሳልህን ሳትነግረኝ ቀረህ፤ ስለዚህ ብሶብሃል ማለት ነው። ሐኪም ጋ ሂድ።

ገባን። እኔ ሞቼ ነው የምገባው ብዬ ነበር፤ ቴሬሳ «እማዬ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት አልቀረሁም፣ ዘንድሮም አልቀርም» ብላ ጎተተችኝ። ውስጡ እንጆሪ ይሸታል። በቱቦ ይረጩታል። ያ የዘይትና የእርጥብ እንጨት ሽታ ጠፍቶ፣ ሰው አፉ ውስጥ ጣቱን የከተተ ይመስል የሚያንገሸግሽ የከረሜላ ሽታ ነው ያለው። ልጆቹ ይተኩሳሉ፣ ስክሪኑ ይጮኻል፣ ቁጥር ይበራል። ግራና ቀኙን የሚያይ የለም፤ ሁሉም ነጥቡን ነው የሚያየው። ከኋላችን የነበረች ሴትዮ «በጣም ያምራል፣ አይደል?» አለችኝ። «ያቅለሸልሻል» አልኳት። ጋሪው ውስጥ ትን እስኪላት ቴሬሳ ሣቀች።

መጨረሻው ክፍል ላይ ያ ቆቡን ያዞረው፣ ያ የተለሰነው፣ በሰሌዳው ላይ ቆሞ ያገጥጣል። ቴሬሳ ሽጉጡን አላነሳችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከመነጽሩ ሥር ልታየው ሞከረች። ጋሪው ዞሮ እስኪወጣ ድረስ አየችው። ውጪ ፀሐዩ ላይ ከቆምን በኋላ «እማዬ፣ ዓይን የለውም እኮ» አለችኝ። «መነጽር ነው ያለው፤ ከሥሩ ምንም አልሳሉም።» ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሲጋዝ አላለቀስኩም፤ ዓይን ሳይሠሩለት መቅረታቸውን ስሰማ ግን አልቻልኩም።

ያንተ ጥቅል የደረሰው በማግሥቱ ነው። ደብዳቤህን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ሠላሳ ስምንት ለአራት የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝና «አራቱ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አልጻፍክም። አንዱ አንተ እንደሆንክ እገምታለሁ። ሦስቱን ጽፈህ ላክልኝ፤ ስማቸውን ትፈልጋለች።

ይቅር አላልኩህም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ እንዳትሳሳት። ምናልባት ጊዜ ሲሄድ። አሁን ግን ስምህን ሳነብ አፌ ውስጥ ያ የእንጆሪ ሽታ ይመጣብኛል።

ዓይኑን ከጥጡ አውጥቼ ሰጠኋት። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው፤ እሱም እንደ ድሮው አያት። ከዚያ በጥጡ መልሳ ጠቀለለችውና እጄ ላይ አኖረችው።

«እኔ የራሴ አለኝ» አለች። «ለሰውዬው መልሺለት። የሚያስፈልገው እሱ ነው።»

ስለዚህ መልሼ ልኬልሃለሁ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተነሥቷል፤ መጋዙ ነው። ብሩሽ እንዳታስነካው።

ሎሬታ